ጥያቄ ከጓዳ፦ የስኮትላንድ ጣፋጮች በጎንደር ምድጃ

ፈረንጆች ኦክቶበር 31 ማታ የሚያከብሩት ሃሎዊን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ጥቅምት 20። ዱባውንና ጭምብሉን ከአሜሪካ ፊልም ብናውቀውም፣ ልጆች ማንነታቸውን ሸፍነው ቤት ለቤት የሚዞሩበትና ፖም ከውኃ ውስጥ በጥርስ የሚያወጡበት ልማድ ስኮትላንድ ውስጥ የቆየ ነው። የእንግሊዝኛ ክበቦች፣ ሆቴሎችና ከውጭ ዘመድ የሚመጣላቸው ቤተሰቦች ምሽቱን በዚያ አገር ጣፋጮች ለማድመቅ አስበው ጽፈውልናል። ከደረሱን ደብዳቤዎች የመረጥናቸው እነሆ።

ከማራኪ፦ «ለክበባችን ዝግጅት ታብሌት የሚባለውን የስኮትላንድ የወተት ከረሜላ ሞከርን። መመሪያው ‘116 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ’ ይላል። ቴርሞሜትር ገዝተን፣ ዓይናችንን ሳንነቅል ጠብቀን አወረድነው። ሲበርድ ግን ቢላ ሲነካው ተፈረካከሰ። የስኳሩ ጥራት ነው ወይስ የእጃችን?»

የሁለቱም አይደለም፤ የከፍታው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃም በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስኳር በሚፈላበት ጊዜ ዲግሪው የሚነግረን በድስቱ ውስጥ ምን ያህል ውኃ እንደቀረ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 116 ሲል የሚገኘው ውፍረት እዚህ የሚገኘው በ109 ነው። እናንተ 116ን ስትጠብቁ ሰባት ዲግሪ አልፋችሁታል፤ ታብሌቱን አያይዞ መያዝ የነበረበት ውኃ ተንኖ አለቀ።

ስለዚህ ማንኛውንም የውጭ የከረሜላ መመሪያ ከመጀመራችሁ በፊት ቴርሞሜትሩን በሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ክተቱት፤ የመስታወቱ ጫፍ የድስቱን ወለል እንዳይነካ። የሚያሳየውን ቁጥር ከ100 ቀንሱና ልዩነቱን ጻፉት። 93 ካለ ሰባት ነው፤ ከመመሪያው ዲግሪ ሁሉ ሰባት ትቀንሳላችሁ። ይህ ዘዴ የርካሽ ቴርሞሜትርን ስሕተትም አብሮ ያርማል። አዘዞ ዝቅ ስለሚል ልዩነቱ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ያንሳል፣ ደባርቅ ላይ ግን ከዘጠኝ ያልፋል።

አሁን አሠራሩን እንደ ጎንደር እንንገራችሁ። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አንድ ትሪ 1 ኪሎ ስኳር፣ 250 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 125 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ እና አንድ ቆርቆሮ (397 ግራም) ኮንደንስድ ሚልክ ያስፈልጋል። የተነጠረ ቅቤ አይሆንም፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሌላ ነገር ያደርገዋል። ድስቱ ወፍራም ቂጥ ያለውና ቢያንስ አምስት ሊትር የሚይዝ ይሁን። ወተትና ስኳር ሲፈላ ወደ ሦስት እጥፍ ይነሣል፤ በትንሽ ድስት የጀመረ ሰው ግማሹን ምድጃው ላይ ያገኘዋል።

ስኳሩን፣ ወተቱንና ቅቤውን በዝግታ እሳት አሙቁ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የአገራችን ስኳር ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ለመሟሟት አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በማማሰያ የድስቱን ወለል ስትፍቁ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ እንዲፈላ አትፍቀዱለት፤ ያልሟሟ ቅንጣት በኋላ ታብሌቱን ያሻክረዋል። ከዚያ ኮንደንስድ ሚልኩን ጨምሩና እሳቱን ወደ መካከለኛ ከፍ አድርጉ። ከዚህ በኋላ ማማሰያው ከእጃችሁ አይለይም፤ ወለሉንና ጥጉን እየነካችሁ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ታማስላላችሁ። ቴርሞሜትሩ ከ108 እስከ 111 ባለው መካከል ሲደርስ አንድ ጠብታ በቀዝቃዛ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ጣሉ። በጣታችሁ ስትሰበስቡት ለስላሳ ኳስ ከሆነና ከውኃው ስታወጡት ቀስ ብሎ ከተጋደመ ደርሷል። ቴርሞሜትር ባይኖር ይህ ፈተና ብቻውን ይበቃል፤ እንዲያውም ቁጥሩና ጠብታው ሲለያዩ ጠብታውን እመኑ።

ድስቱን አውርዳችሁ አምስት ደቂቃ አሳርፉት፤ ከዚያ በማማሰያ በኃይል ምቱት። ሥራው ያለው እዚህ ነው። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ውስጥ ፊቱ ላይ ያለው ማብረቅረቅ ይደበዝዛል፣ ማማሰያው ይከብዳል፣ በድስቱ ዳር የቀረው መንጠር ይጀምራል። ያን ጊዜ ሳትዘገዩ የመጋገሪያ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ ገልብጡት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ በቢላ መስመር አስምሩ፤ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ቁረጡ።

የሚበላሽበትን መንገድ ደግሞ እንወቅ። ትሪው ላይ ለስላሳ ሆኖ ከቀረ ሳይደርስ ወርዷል፤ ወደ ድስቱ መልሱት፣ ግማሽ ኩባያ ውኃ ጨምራችሁ በዝግታ አሟሙትና እንደገና አፍሉት። ጠንከር ብሎ ግን እንደ ካራሜል ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ የተመታው ጥቂት ነው። ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁበት እሳቱ በዝቶ ወለሉ አርሯል፤ ያረረውን መፋቅ ያባብሰዋል፣ ሳትፍቁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡት። በከሰል የምትሠሩ ከሆነ ፍሙን አመድ አልብሱት። መብራት በመሐል ቢጠፋ ድስቱን ክዳን ሳትደፉበት ተዉት፤ ክዳኑ ላይ የሚያዠው ጤዛ ተመልሶ ይገባበታል። መብራት ሲመለስ ሩብ ኩባያ ወተት ጨምራችሁ ከማሟሟት ጀምሩ።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ የፈላ ስኳር ቆዳ ላይ ይጣበቃልና ከፈላ ውኃ የከፋ ቃጠሎ ያደርሳል። ልጆች መስመር ማስመርና መጠቅለል ላይ ይርዱ እንጂ ምድጃው ዘንድ አይቁሙ።

ከአራዳ፦ «ኮንደንስድ ሚልክ ሱቅ ውስጥ ሲገኝ ዋጋው አይቀመስም። በቤት ማዘጋጀት ይቻላል?»

ይቻላል። 1 ሊትር ትኩስ ወተትና 300 ግራም ስኳር ሰፊ ድስት ላይ አድርገው፣ ሳይንተከተክ በዝግታ እያማሰሉ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያቆዩት። መጠኑ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ዝቅ ሲልና የማንኪያውን ጀርባ ሲለብስ ያውርዱ፤ ሲበርድ ይበልጥ ይወፍራል። በወንፊት ያጥሉትና 400 ግራሙን መዝነው ይጠቀሙ፤ የቀረው ለቡና ይሁን። የገበሬ ወተት ከሆነ አስቀድመው ግማሽ ኩባያ ያህሉን ለብቻ አፍልተው ይዩት። ጠዋት የታለበ ወተት ከሰዓት በኋላ ሊበጣጠስ ይችላል፣ ያን ጊዜ ስኳሩም ይባክናል።

ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ፦ «ልጄ ከነጓደኞቿ የጥቅምት 21ን ምሽት እኛ ቤት ልታከብር ነው። ግን እኔም ጎረቤቶቼም ጽጌን እንጾማለን። ያዘጋጀነውን ሳንቀምስ እንግዳ ማስተናገድ አይከብድም? የጾም የሚሆን አለው?»

አለው፤ ከቅቤው ጣፋጭ ይልቅ ለመሥራት የሚቀለውም እሱ ነው። ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሚዘልቅ ሃሎዊን ሁልጊዜ በመካከሉ ይውላል፤ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ ጽጌን የማይጾመውም ይጾማል። ታብሌት፣ የቅቤ ብስኩቱ ሾርትብሬድና የክሬም ጣፋጩ ክራናካን የወተትና የቅቤ ስለሆኑ ይቀራሉ። የድንች ማካሩንና ፓፍ ካንዲ ግን ሁለቱም የስኮትላንድ ናቸው፣ ሁለቱም ከጾም አይጋጩም።

ማካሩን ውስጡ ነጭ፣ ውጭው ቸኮሌትና ኮኮናት የሆነ ነው። አንድ መካከለኛ ድንች ከነልጣጩ ይቀቅሉ፤ ተልጦ 120 ግራም ገደማ ይበቃል። ጨውም ዘይትም ሳይነካው በወንፊት ይጫኑትና በደረቅ ድስት ላይ አንድ ደቂቃ እያገላበጡ እንፋሎቱን ያስወጡለት። ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ከ450 እስከ 500 ግራም የስኳር ዱቄት በማንኪያ በማንኪያ ይጨምሩ። የመጀመሪያዎቹ ማንኪያዎች ሲገቡ ድንቹ ቀጥኖ እንደሚፈስ ሊጥ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተበላሸ» ብሎ ይደፋዋል። አልተበላሸም፤ ስኳሩ የድንቹን ውኃ ስቦ ስላወጣው ነው። መጨመሩን ይቀጥሉ፣ ቀስ በቀስ በእጅ የሚለወስ ጠንካራ ሊጥ ይሆንልዎታል። 500 ግራም ገብቶም ካልጠነከረ ድንቹ ውኃማ ነበር ማለት ነው፤ ተጨማሪ ስኳር ያስፈልገዋል። ስኳሩን ቤት ውስጥ የሚፈጩ ከሆነ በደረቅ መፍጫ ዱቄት እስኪሆን ይፍጩትና በጥሩ ወንፊት ይንፉት፤ ያልደቀቀ ስኳር ሊጡን እያደር ያስለቅሰዋል።

ሊጡን አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት አድርገው ትሪ ላይ ይጫኑትና ሌሊቱን ያሳድሩት። ጥቅምት አንድ አጥንት የሚያስመኝ ወር ነውና ፍሪጅ ባይኖርም ቀዝቃዛ ጓዳ ይበቃዋል። በነጋታው በጣት መጠን ይቁረጡ። ወደ 250 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ ሥሩ ውኃውን በማይነካ ጎድጓዳ ሳህን በሞቀ ውኃ እንፋሎት ላይ ያቅልጡ። አንዲት የውኃ ጠብታ ከገባችበት ቸኮሌቱ ይጓጉላል፤ ማንኪያውም ሳህኑም ደረቅ ይሁን። ነክረው፣ ምጣድ ላይ ቡናማ እስኪሆን በተቆላ ኮኮናት ያንከባልሉት። ጥቁር የተባለ ቸኮሌት ሁሉ የጾም አይደለም፤ ማሸጊያው ላይ የወተት ዱቄት እንዳለበት ያንብቡ። ኮኮናት ከተወደደ የተቆላ የመተማ ሰሊጥ ይሞክሩ። ስኮትላንዳዊ አያውቀውም፣ ለእኛ ምላስ ግን ከኮኮናቱ ይበልጣል ባይ ነን። ሰሊጥ የማይስማማው ልጅ እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ።

ፓፍ ካንዲ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ሲነከስ የሚንኮሻኮሽ ወርቃማ ከረሜላ ነው። 200 ግራም ስኳርና አራት የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕ ያስፈልገዋል። የእንግሊዞቹ ወርቃማ ሽሮፕ ከሌለ 200 ግራም ስኳር፣ 50 ሚሊ ሊትር ውኃና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በዝግታ እሳት ሩብ ሰዓት ያህል አፍልተው ከዚያው ላይ ይውሰዱ። ሎሚው ስኳሩን ስለሚሰብረው ተመልሶ አይነጥርም። ሁለቱን አሟሙተው ያፍሉ፤ መመሪያዎች 150 ዲግሪ ይላሉ፣ እዚህ 143 ነው። ጠብታው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ደርቆ ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት። እዚህ የሚደርሰው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ ቀለሙ መጽሐፉ ላይ ካለው ፎቶ ፈዘዝ ይላል፤ እስኪጠቁር የጠበቀ ሰው መራራ ያገኛል።

ከዚያ ሶዳው። መመሪያዎች ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ያዛሉ፤ በእኛ ከፍታ ጋዙ ይበልጥ ስለሚለጠጥ አንድ ተኩል ይበቃል። ሁለት ካደረጉ ይነፋና መሐሉ ወድቆ ይጎደጉዳል፣ የሶዳ ጣዕምም ይተዋል። ሶዳውን አስቀድመው ይንፉት፣ ድስቱን ካወረዱ በኋላ ጨምረው አራት አምስት ጊዜ ብቻ በፍጥነት ያማስሉና ወረቀት ወደተነጠፈበት ጥልቅ ትሪ ይገልብጡት። አያስተካክሉት፣ ትሪውንም አያንቀሳቅሱት፤ አረፋው ያኔ ይሞታል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ በመዶሻ ጀርባ ይስበሩትና ወዲያው አየር በማያስገባ ዕቃ ይክደኑት። ክፍት ካደረ እርጥበት ስቦ ይሟሟል።

ከአዘዞ፦ «በካፌያችን ለሃሎዊን በእንጨት የተሰካ ቶፊ ፖም ሠርተን ነበር። ቶፊው ከፖሙ ላይ እየተንሸራተተ ወረደ፤ የቀረው በማግሥቱ ጣት ላይ የሚጣበቅ ሆነ።»

መንሸራተቱ ከሰም ነው። ከውጭ የሚገባ ፖም እንዲያብለጨልጭ በሰም ይቀባል፤ ቶፊ ሰም አይዝም። ፖሙን ለጥቂት ሰከንድ የፈላ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ በሻካራ ጨርቅ እሹት፤ ከዚያ ፈጽሞ ይድረቅ። የጨንቻ ፖም ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ ትንሽና ኮምጣጣ ነው፣ ለቶፊ የሚፈለገው ይህ ነው። ትልቅ ጣፋጭ ፖም ልጅ አይጨርሰውም።

ለስምንት ትናንሽ ፖሞች 400 ግራም ስኳር፣ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕና አንድ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ በቂ ነው። አፍሉት፤ የመመሪያው 150 ለእናንተ ወደ 143 ተኩል ዲግሪ ነው። መጣበቁ ከሁለት ምክንያት አንዱ ነው፤ ወይ ዲግሪው ሳይደርስ ወርዷል፣ ወይ ፖሙ አድሯል። የተሰካበት ቀዳዳ ጭማቂ ስለሚያፈልቅ በደንብ የተሠራ ቶፊም ሌሊቱን ካደረ ይረጥባል። ቶፊ ፖም የተሠራበት ቀን ይበላል፤ በዋዜማው ሠርቶ ማሳደር አይሠራም።

ከቀበሌ 18፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት፦ «ለክፍሌ ልጆች የስኮትላንድ ጨዋታዎችን ማሳየት እፈልጋለሁ። አንዳንድ ወላጆች ግን ‘የሰይጣን በዓል ነው፣ ጥንቆላ አለበት’ ይላሉ። ምን ልተው? ምን ላቆይ?»

ወላጆቹ ያነሡት ከመሬት ተነሥቶ አይደለም፤ የድሮው ልማድ ውስጥ ዕድል መገመት ነበረበት። ክሉቲ ደምፕሊንግ በሚባለው በጨርቅ ታስሮ በሚቀቀል የዘቢብ ኬክ ውስጥ ወይም በተፈጨ ድንች ውስጥ ቀለበት፣ ሳንቲም፣ አዝራርና የስፌት ጣት ማልበሻ ይደበቃል። ቀለበት የደረሰው ያገባል፣ ሳንቲም የደረሰው ይበለጽጋል፣ አዝራርና ጣት ማልበሻ የደረሳቸው ሳያገቡ ይቀራሉ ይባል ነበር። ይህን ይተዉት። ከወላጆች ጋር ከመከራከር የሚድኑ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ብረት ሊቀር ይችላል። አጽምና ቀንድ ያለው ጭምብልም አያስፈልግም።

የሚያቆዩት ጋይዚንግ የሚሉትን፣ ማንነትን ሸፍኖ ቤት ለቤት መዞርን ነው፤ እሱን ለወላጆች ለማስረዳት ቡሄን ይጥቀሱ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው እጅ አይዘረጉም። እንደ ሆያ ሆዬ መጀመሪያ ይዘፍናሉ ወይም ግጥም ይላሉ ወይም ቀልድ ይናገራሉ፣ ከዚያ ይሰጣቸዋል። የሚሰጠውም በአብዛኛው ከነቅርፊቱ ያለ ለውዝ፣ ፖም ወይም ብርቱካንና ከረሜላ ነው። ለውዙን ገበያችን ውስጥ በቀላሉ ያገኙታል፤ ለውዝ የሚያሳምመው ልጅ ካለ ግን ክፍሉ ውስጥ አያስገቡት።

ሁለተኛው የሕብስቱ ጨዋታ ነው። በጥቁር ሽሮፕ የተቀባ ስኮን የሚባል ትንሽ ቂጣ በክር ይንጠለጠላል፤ ልጁ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በአፉ ብቻ ይበላዋል። ስኮኑን ለመጋገር ኦቨን አያስፈልግዎትም፤ ስኮትላንዶችም በብረት ምጣድ ይጋግሩታል። 250 ግራም ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 30 ግራም ቅቤ በጣት ያሹ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥቁር ሽሮፕ በ150 ሚሊ ሊትር አሬራ በጥብጠው ይጨምሩ። አሬራው ሶዳውን የሚያነሣው እሱ ነውና በወተት አይለውጡት። ለጾም ከሆነ ቅቤውን በሁለት ማንኪያ ዘይት፣ አሬራውን አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ይተኩ። ብዙ አያቡኩት፤ የተቦካ ስኮን ይደርቃል። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት አድርገው ስምንት ቦታ ይቁረጡ፣ መሐሉን በጣት ይብሱ። ምጣዱ ላይ ዱቄት በተን አድርገው ይዩ፤ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ከአምስት እስከ ስድስት ደቂቃ።

ጥቁር ሽሮፕ ለማግኘት ብለው ለከብት መኖ የሚሸጠውን ሞላሰስ አይግዙ፤ ለሰው ምግብ በሚሆን ንጽሕና አልተያዘም። 200 ግራም ስኳር በደረቅ ድስት ላይ ቀይ ቡናማ እስኪሆን ያቅልጡ፣ ራቅ ብለው 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ ያፍስሱበት (ይፈናጠራል)፣ ሎሚ ጠብ አድርገው እስኪወፍር ያፍሉት። ክሩን በልጁ አፍ ልክ ያንጠልጥሉ፣ ወለሉን በፕላስቲክ ይሸፍኑ፣ ልብስ ላይ ያረፈውን በሞቀ ውኃ ያጥቡት።

የፖሙን ጨዋታ በተመለከተ ሠላሳ ልጅ በአንድ ሳፋ ውኃ ውስጥ አፉን እንዲነክር አንመክርም። ስኮትላንድ ውስጥም ሌላ መንገድ አለ፤ ልጁ ወንበር ላይ ተንበርክኮ፣ ከመደገፊያው በላይ ሆኖ በጥርሱ የያዘውን ሹካ ሳፋው ውስጥ ወደሚንሳፈፉት ፖሞች ይለቃል። የወጋውን ይወስዳል። አንድ አዋቂ ከሳፋው አይራቅ።

ከፒያሳ፣ የሆቴል ምግብ ባለሙያ፦ «በዚያ ሰሞን የስኮትላንድ እንግዶች ይመጡብናል። ሥራ አስኪያጃችን ብላክ በንና ክራናካን እንድናቀርብ ጠይቀዋል።»

ብላክ በን በጊዜው አይደለም፤ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ ኬክ ነው፣ እንግዶቹ ገና በጥቅምት ሲያዩት ፈገግ ይላሉ። ክራናካን የመኸር ስለሆነ ይስማማል። 50 ግራም የተከካ አጃ በደረቅ መጥበሻ ይቁሉ፤ 300 ሚሊ ሊትር ወፍራም ክሬም እስኪቆም ብቻ ይምቱ፣ ከዚያ ካለፈ ቅቤ ይሆናል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማርና ሦስት ማንኪያ ውስኪ ቀላቅለው በራስፕቤሪ ፈንታ 300 ግራም እንጆሪ ያድርጉ። አጃው ክሬም ውስጥ ከቆየ ይለሰልሳልና ሲታዘዝ ብቻ ይገጣጠም። ሾርትብሬድ ካከሉበት ልኩ በክብደት አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት ነው። የሚያነሣው ነገር ስለሌለበት ከፍታው ብዙም አይጎዳውም።

ለምናሌው መግቢያ የምታነሡት ታሪክም አላችሁ፦ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ተስተናግዷል። ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ስለሚቀርብ እንግዶቹን ወደዚያ መምራት አይከፋም።

ከአራዳ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ለ30 ሰው ስንት ትሪ ታብሌት ያስፈልገኛል? ምኑን መቼ ልሥራ? ደግሞ ፋኖሱን በዱባ ነው ወይስ በሌላ?»

አንድ ትሪ ይበቃሻል። 20 በ30 የሆነውን ትሪ ሁለት ሴንቲ ተኩል በሁለት ሴንቲ ተኩል ስትቆርጪው 96 ቁራጭ ይወጣል፤ ለሰው ሦስት ሦስት ደርሶ ይተርፋል። በጣም ጣፋጭ ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚበላ የለም። ታብሌቱን ከሳምንት በፊት ሥሪው፣ ተዘግቶ ከተቀመጠ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ማካሩን ከሁለት ቀን በፊት፣ ፓፍ ካንዲ በዋዜማው፣ ስኮንና ቶፊ ፖም በዕለቱ። ማታ ገበታ ላይ ሻማ የምታበሪ ከሆነ ፓፍ ካንዲውንና ቸኮሌቱን ከሻማው አርቂ።

ፋኖሱን ስኮትላንዶች በድሮ ጊዜ የሚፈለፍሉት ከተርኒፕ ዓይነት ሥር ነበር፤ ጠንካራ ስለሆነ እጅ ይሰብራል። ዱባ የአሜሪካኖቹ ነው፣ ግን እዚህ በቀላሉ ይገኛል። ዱባውን ከላይ ሳይሆን ከሥሩ ቁረጪው፤ ሻማው ላይ ትደፊዋለሽ፣ ክዳኑም ወደ ውስጥ አይወድቅብሽም። የወጣውን ሥጋ አትጣዪው፣ ለነገ ወጥ ይሆናል።

ከሳሙና በር፦ «ስኳር የደረቀበት ድስት በብረት ፈትል ፍቄ ፍቄ አልለቅ አለኝ።»

አይፋቁት። ድስቱን ስኳሩ የደረሰበት ድረስ ውኃ ይሙሉት፣ ማማሰያውንና ቴርሞሜትሩን እዚያው ያስገቡ፣ አፍልተው አሥር ደቂቃ ያቆዩት። ስኳሩ ራሱ ሟሙቶ ይለቃል።